ሽማግሌዎቼን ራሴ ያደረስኩ ዕለት

እኔ ስለ መኪና በእርግጠኝነት የማውቀው መሪዋ በግራ በኩል መሆኑን ብቻ ነው። ይህን ዛሬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። በደርግ ጊዜ፣ አሰላ ላይ የመንግሥት ደመወዝተኛ ሳለሁ ግን እንዲህ ብሎ ማመን ከሞት የባሰ ነበር። መኪና አለኝ፤ መኪና ያለው ሰው ደግሞ መኪና ያውቃል ተብሎ ይታሰባል። እኔም የታሰበልኝን ላለማሳፈር ሰው ፊት ኮፈኗን ከፍቼ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ሞተሩን ለረጅም ጊዜ አየዋለሁ። ሞተሩም ያየኛል። ከዚያ "እህ!" ብዬ እዘጋዋለሁ።

መኪናዋ አራት ሰው የምትይዝ፣ ከተጨናነቁባት አምስት የማትከለክል የጣልያን አሮጊት ነበረች። ከእኔ በፊት ሦስት ጌታ አይታለች። አንድ ክፉ አመል ነበራት፤ ኩርባ ላይ ትጋደማለች። ወደ ግራ ስታጥፏት ወደ ቀኝ ትተኛለች፣ ወደ ቀኝ ስታጥፏት ወደ ግራ። እኔ ለምጄዋለሁ። ከእሷ ጋር አብሬ መጋደሙን ጭምር ተክኜበታለሁ። ጋሽ ተሰማን አንድ ቀን ከለቅሶ ቤት ስመልሳቸው ግን በሩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ "ይቺ መኪና ናት ወይስ የዝዋይ ታንኳ?" አሉኝ። ሲወርዱም ሁለተኛ እንደማይሳፈሩባት ምለው ወረዱ።

እንግዲህ ጣጣው ከዚህ ይጀምራል። ጋሽ ተሰማ ከፍርድ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ሲናገሩ ሰው ሻይውን አስቀምጦ የሚያዳምጣቸው ሽማግሌ ናቸው። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን የሚያስፈልገኝ እሳቸውና እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጽጌ የምትባል አሰላ የምታስተምር ልጅ ነበረች። እሷና እኔ ተስማምተን ጨርሰናል፤ የቀሩት አባቷ ናቸው። አባቷ አቶ በየነ ኦጎልቾ ላይ ወፍጮ ቤት አላቸው። ከእኔ በፊት ሁለት ሰዎች ሽማግሌ ልከውባቸው ነበር አሉ። እሳቸውም ሽማግሌዎቹን ወፍጮው አጠገብ አስቀምጠው፣ ወፍጮውን አስነስተው፣ ሰዎቹ ጮኸው ጮኸው ድምፃቸው ሲዘጋ "አልሰማኋችሁም፣ ደህና ግቡ" ብለው ሸኝተዋቸዋል።

"አባዬ ወፍጮ አጥፍቶ የሚያዳምጠው ሰው አንድ ብቻ ነው፣ ጋሽ ተሰማን" አለችኝ ጽጌ። "ደግሞ ቶሎ በል። ክረምት ሳይገባ ወደ ሌላ አውራጃ ያዛውሩኛል እየተባለ ነው።"

ጋሽ ተሰማን ለመንኩ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ አውቶቡስ ላይ መንጠላጠል አይችሉም። የኔን መኪና ደግሞ ረግመዋታል። በመጨረሻ፣ "ካልተጋደመች እሄድልሃለሁ። አንዴ ከተጋደመች ግን ከመንገድ እመለሳለሁ" ብለው ፈረዱልኝ። ቀኑም በኛ ምርጫ አልነበረም፤ ሽማግሌ የሚላከው እሑድ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ የግል መኪና እሑድ እሑድ በፈረቃ ነበር የሚንቀሳቀሰው፤ አንዱን እሑድ ሰሌዳው ሙሉ ቁጥር የሆነ፣ ሌላውን ጎዶሎ የሆነ። የኔ ጎዶሎ ናት፤ ተራዋ ከአሥር ቀን በኋላ ነበር።

በማግስቱ ወደ መካኒኩ ከድር ዘንድ ሄድኩ። ከድር አሰላ ውስጥ የታመመ መኪና ሁሉ የሚያነባበት ጋራዥ አለው። ከሥሯ ገብቶ ወጣና፣ "ከፊት ከጎማ እስከ ጎማ የሚሄድ የብረት ዘንግ አለ" አለኝ። "ኩርባ ላይ እንዳትጋደም የሚይዛት እሱ ነው። ያንተው ሳስቷል።" ከዚያ ከጓሮው ከተሰባበሩ መኪኖች መሀል ሁለት ዘንግ ጎትቶ አመጣ፤ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ወፍራም።

"መካከለኛው ይበቃታል" አለ።

"ወፍራሙን።"

"ወፍራሙ ለዚች ይበዛባታል፣ አቦ። ከጭነት መኪና የወጣ ነው።"

"ወፍራሙን አልኩህ። ጋሽ ተሰማ ቀላል ሰው አይደሉም።"

ወፍራሙ በድሮዎቹ ጎሚኒዎች፣ ማለትም ዘንጉ ብረት ለብረት እንዳይፋጭ በሚያቅፉት ጎማዎች ውስጥ አልገባ አለ። አዲስ ጎሚኒ በዚያ ጊዜ ከየት ይመጣል? ገበያ ዳር በረባሶ የሚሠራው ሰውዬ ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ቆርጦ በልኳ ሠራላት። ገጠሬው ሁሉ በረባሶ እንደሚያደርግ መኪናዬም በረባሶ አደረገች።

ቀኑ ዓርብ ነበር፣ የጁምዓ ሰዓት ደረሰ። መኪናዋ ክሪክ ላይ ተሰቅላ፣ የፊት ጎማዎቿ አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። ከድር እጁን እየታጠበ፣ "ቡሎኖቹን በእጄ ብቻ ነው ያስያዝኳቸው" አለኝ። "ከክሪኩ ወርዳ መሬት ስትረግጥ ነው የምናጠብቃቸው። ሰግጄ እስክመለስ እንዳትነካት።"

ባልነካት ዛሬ ይህን የማወራበት ምክንያት አይኖርም ነበር። ከድር ከሄደ በኋላ ከጽጌ ትምህርት ቤት ሁለት መምህራን በዚያ ሲያልፉ አዩኝና ቆሙ። "እንዴ! ራስህ ነህ እንዴ የምትሠራት?" አለኝ አንደኛው። የከድር ቡሎን ማጥበቂያ ቁልፍ ከእግሬ ሥር ተቀምጧል። ሰውነቴ ሳያማክረኝ ጎንበስ ብሎ አነሳው። "ታዲያ ማን ይሠራታል?" አልኩና ከሥር ገባሁ። ሰው እያየኝ ስለነበር እያንዳንዱን ቡሎን ዓይኔ እስኪጉረጠረጥ ድረስ አጠበቅሁት። መምህራኑ "ጎበዝ!" አሉ። ከክሪኩ አውርጄ፣ ከድር ሳይመለስ፣ በፊታቸው አስነስቼ ነዳኋት።

የመጀመሪያዋን ኩርባ ቀጥ ብላ ታጠፈች። ደስታዬ ወሰን አጣ። ሁለተኛዋን ኩርባ ሆን ብዬ በፍጥነት ታጠፍኩ፤ እንደ ምሰሶ ቀጥ። ከዚያ አንዲት ጉድጓድ መጣች። ቋ! አለ ከሥር። ቀጥሎ ቋ! ቋ! ከዚያ መሪውን ሳዞር ጢዝዝዝ... የሚል፣ የተቀየመ በር የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ መጣ።

ነገሩን በአንድ ቀን መጨረስ ይቻል ነበር። ወደ ከድር ተመልሼ "ነካኋት" ማለት ብቻ ነው። ያቺን አንዲት ቃል ላለማለት ስል ግን ሳምንት ሙሉ ተንከራተትኩ። በከድር ጋራዥ ፊት ለፊት ሳልፍ ሞተር አጥፍቼ፣ እግዜር አሰላን ቁልቁለት አልነፈጋትምና፣ እየተንሸራተትኩ ቀስ ብዬ አልፋለሁ። አንድ ቀን በእግሬ ስሄድ መንገድ ላይ ያዘኝ።

"ማል ተኤ? ምነው ጠፋህ? መኪናዋ እንዴት ናት?"

"ጋሪዳ!" አልኩት ደህና ናት ለማለት፣ ኦሮምኛዬ ከአማርኛዬ ይልቅ ለውሸት የሚመች መስሎኝ። "ድምፅ የሚባል የላትም።"

"እሰይ" አለና ትክ ብሎ አየኝ።

መጀመሪያ የደረሰልኝ የመሥሪያ ቤታችን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ተፈራ ነው። ተፈራ የጠፋ ፋይል አሽትቶ የሚያገኝ ሰው ስለሆነ ድምፅም አይጠፋበትም ብዬ አመንኩት። "ከፊት ይሁን ከኋላ ለማወቅ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ማዳመጥ አለበት" አለኝ። ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። አልሰማ አለው። "ከዚህም ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ" አለና የዕቃ መጫኛው ውስጥ ተጣጥፎ ገባ። ክዳኑን ዘጋሁበት።

በጠራራ ፀሐይ ከተማውን አንዴ ዞረን ስንመለስ የቀበሌ ጥበቃ ጠመንጃውን አግድም ይዞ አስቆመን።

"ከኋላ ምን ጭነሃል?"

ምን ልበል? "ሰው" አልኩ።

ክዳኑን አስከፈተኝ። ተፈራ ጉልበቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ ደግፎ ተኝቷል።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"ድምፅ እያዳመጥኩ ነው፣ ጓድ" አለ ተፈራ።

በዚያን ዘመን ድምፅ ማዳመጥ እንደ ድምፁ ዓይነት ነበር የሚያስጠይቀው። የጥበቃው ፊት ጠቆረ። "የማንን ድምፅ?" አለ። እኔና ተፈራ እኩል "የመኪናዋን! የመኪናዋን!" ብለን ጮህን። አላመነንም። ሄዶ አለቃውን ጠራ፣ አለቃውም አላመነም። በመጨረሻ አለቃው ተፈራን አስወጥቶ ጠመንጃውን ለጓዱ ሰጠና ራሱ ገባ። "ንዳ!" አለኝ ከውስጥ። የቀበሌውን ጥበቃ አለቃ ጭኜ ሁለት ጉድጓድ ላይ ቋ ቋ አደረግኩት። ሲወጣ አቧራውን እያራገፈ፣ "እውነታቸውን ነው፤ ከፊት ነው" ብሎ ለቀቀን። ተፈራ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ መኪናዬ አንስቶ አያውቅም።

ከፊት መሆኑን በመንግሥት አካል አረጋገጥኩ ማለት ነው። ግን ከፊት ምኑ? ያገኘሁት ሁሉ አንድ አንድ በሽታ ሰጠኝ። አንዱ ሞላው ነው አለ፣ አንዱ ጎማው፣ አንዱ ቡዳ ነው ብሎ ጨረሰው። ቅዳሜ ደረሰ። እኔ ግቢው ውስጥ ጭንቅላቴን ይዤ ስቀመጥ አከራዬ እትዬ በላይነሽ መጥተው ከሥሯ አጎንብሰው አዩና፣ "ደርቋት ነው እኮ ልጄ!" አሉ። "ሰውም ጉልበቱ ሲደርቅ ይንቋቋል። ግሪስ የለህም?"

"ግሪስ ከየት ይገኛል፣ እትዬ?"

ወደ ቤት ገቡና በቅል ቅቤ ይዘው ወጡ። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ። ቅቤና ጎማ አይስማሙም የሚል ነገር የሆነ ቦታ ማንበቤ ትዝ ብሎኛል። ቢሆንም ጽጌ ደግሞ ልትዛወር ነው። እጄን እስከ ክርኔ ቅቤ ነክሬ ጎሚኒዎቹን አንድ በአንድ ቀባኋቸው። ከዚያ በሰፈሩ ውስጥ ዞርኩባት። ጭጭ! እትዬ በላይነሽን አቅፌ ሳምኳቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሽማግሌ ሲላክ ልጁ አብሮ አይሄድም። ቤቱ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል እንጂ በልጅቷ አባት ደጅ መታየት ትልቅ ነውር ነው። እኔ ግን ሌላ ነጂ አላገኘሁም። አንድ መንጃ ፈቃድ ያለው ጓደኛዬ ሞክሯት፣ "ይቺን የምታውቃት አንተ ብቻ ነህ" ብሎ ቁልፉን መልሶልኛል። ስለዚህ እቅዱ እንዲህ ሆነ፦ ኮፍያ እስከ ቅንድቤ አጠልቃለሁ፣ ቀስ ብዬ በጸጥታ ደጃፍ ላይ አውርጃቸው ከባሕር ዛፉ ጀርባ እሰወራለሁ። አቶ በየነ መልኬን አያውቁም። ለጽጌ ስነግራት አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፤ "አባዬ ሰው ሲያወራ ላይሰማ ይችላል። ማሽን ሲታመም ግን ከሩቅ ይሰማል።"

እሑድ ጋሽ ተሰማን ከፊት፣ እሳቸው ያሉትን ሁሉ "እውነት ነው" የሚሉ ሁለት ሽማግሌዎችን ከኋላ ጭኜ ተነሳሁ። መኪናዋ በየኩርባው ቀጥ! ጋሽ ተሰማ በሩን ለቀው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። "አሁን ሰው ሆናለች" አሉ። "እውነት ነው" አሉ ከኋላ። እኔ በልቤ ለልጆቼ ስም ማውጣት ጀመርኩ።

ወደ ኦጎልቾ ቁልቁል በወረድን መጠን አየሩ እየሞቀ መጣ። አሰላ ብርድ ላይ የረጋው ቅቤ እዚህ ሲደርስ ቀለጠ። ግማሽ መንገድ ላይ ቋ! አለ። ጋሽ ተሰማ ዞር ብለው አዩኝ። ቋ! ቋ! ጢዝዝዝ! ከተማው መግቢያ ላይ ደግሞ አንድ ውሻ አፍንጫውን አንስቶ ተከተለን። ቀጥሎ ሁለት ሆኑ። ደጃፉ ስንደርስ አምስት ውሾች ምላሳቸውን አውጥተው ከኋላችን ይሮጣሉ።

"ውሾቹ ምን ሆነው ነው?" አሉ ጋሽ ተሰማ።

"እንግዳ ወዳድ ናቸው፣ ጋሼ" አልኩ።

እሑድ ስለሆነ ወፍጮው ቆሟል። ከተማው ጸጥ ብሏል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የኔ መኪና ቋ ቋ እያለች፣ በውሻ ታጅባ፣ አቶ በየነ ደጅ ላይ ቆመች። እሳቸውም ቀድመው ወጥተው ቆመዋል፤ ረጅም፣ ቅንድባቸው ላይ ዱቄት የቀረ የሚመስል ሰው። ጋሽ ተሰማ በክብር ወርደው፣ ካባቸውን አስተካክለው፣ "እንደምን ዋላችሁ፣ እኛ የመጣነው..." ብለው ሲጀምሩ አቶ በየነ እጅ ነሷቸውና፣ "ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ! ጠላ ይቀዳላችሁ። እኔ ይቺን አንዴ አይቼ ልምጣ" አሉ። ዓይናቸው ከመኪናዋ አልተነሳም።

"ሹፌር!"

"አቤት" አልኩ፣ ኮፍያዬን ወደ ታች እየሳብኩ።

"ይቺን ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?"

"ባለመኪናው ናቸው።"

"መኪና ያውቃሉ?"

"ያውቃሉ ይባላል።"

"ማን ነው ያለው?"

"ራሳቸው።"

ጆንያ አስነጥፈው ከሥር ገቡ። "ና ግባ እንጂ!" አሉኝ። ነውር የተባለው ከደጃቸው መታየት ነበር፤ እኔ ከአማቼ ጎን በጀርባዬ ተኛሁ። አቶ በየነ ጎሚኒውን በጣታቸው ነክተው አሸተቱ።

"ይሄ ቅቤ ነው?"

"ቅቤ ነው።"

"የተነጠረ!"

"የተነጠረ።"

እንደገና አሸተቱ። "ኮረሪማ አለው።" ጣታቸውን በጆንያው ጠረጉ። "ባለመኪናው ሚስት አላቸው?"

"ገና ናቸው።"

"ታዲያ ቅቤውን ማን ሰጣቸው?"

"አከራያቸው።"

"እህ" አሉ። ያን "እህ" አውቀዋለሁ፣ እኔ ሞተር ላይ የምለው ነው፤ የሳቸው ግን ከእውቀት የመጣ ነበር። ቡሎኖቹን በቁልፍ ሞከሩ። "ይሄን መካኒክ አላጠበቀውም። መካኒክ እንዲህ በንዴት አያጠብቅም። ክሪክ ላይ ሳለች፣ እግሯ ተንጠልጥሎ ነው የጠበቁት። መሬት ስትረግጥ ጎሚኒው ያለ ቦታው ተጠመዘዘ። እሱ ነው የሚጮኸው። ምነው፣ መካኒኩ አልነገራቸውም?"

እዚያች ላይ ከድርን አሳልፌ ልሰጠው እችል ነበር። "አልነገራቸውም" ማለት ብቻ ነው፤ ከድር አሰላ ነው፣ አይሰማም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሳምንት ሙሉ የዋሸሁት ግን ደረቴ ላይ እንደ መኪናዋ ተጭኖኝ፣ እምቢ አለኝ።

"ነግሯቸው ነበር" አልኩ። "እንዳትነካት ብሏቸው ነበር።"

"ታዲያ ለምን ነኩ?"

"ሰው እያያቸው ስለነበር ነው። አፈሩ።"

አቶ በየነ አንገታቸውን አዙረው አዩኝ። ኮፍያዬ ስተኛ ወልቋል። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ቡሎኖቹን ሁሉ ፈታ አደረጉ፣ ከሥር አስወጡኝ፣ መኪናዋን ከላይ ተጭነው እንድትረጋ ነቀነቋት። ከዚያ ቁልፉን ለኔ ሰጥተው፣ "አሁን አጥብቅ። በልኩ" አሉኝ። በልኩ አጠበቅሁ።

እሳቸው ተጣጥበው ገቡ። እኔ ከውሾቹ ጋር ቀረሁ። አንዱ ውሻ እጄን ልሶ ልሶ ሲጨርስ ጋሽ ተሰማ ወጡ። ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር የለም። ከተማውን ወጣን። መኪናዋ ጭጭ ብላለች፤ እኔ ግን ደስታ የሚባል አልቀመስኩም።

"ምን አሉ፣ ጋሼ?"

"እኔ ስለ አንተ የምችለውን ሁሉ ተናገርኩ" አሉ። "ዘርህን፣ ሥራህን፣ ጨዋነትህን። መኪና ጠንቅቆ ያውቃል ስላቸው ግን ሳቁ።"

"እውነት ነው፣ ሳቁ" አሉ ከኋላ።

"ከዘመድ ልምከር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሱን ኑና ስሙ አሉን። ከዚያ አንድ ነገር ጨመሩ። 'ልጁን አታምጡ፣ ወጉ አይደለም። ሹፌሩን ግን እንዳታስቀሩት' አሉ። ምን ማለታቸው ነው?"

መኪናዋን ዳር አስይዤ አቆምኩና መሪው ላይ ግንባሬን ደፋሁ።

በማግስቱ ከድር ዘንድ ሄጄ "ነካኋት" አልኩት። "አውቃለሁ" አለኝ። "ሞተር አጥፍተህ በቁልቁለቱ ስታልፍ ቋ ቋ ስትል እሰማለሁ። እስክትመጣ ነው የጠበቅኩህ።"

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በተራዬ እሑድ፣ ሽማግሌዎቼን አደረስኩ። አቶ በየነ እነጋሽ ተሰማን ከታላቅ ወንድማቸው ጋር አስቀምጠው እሳቸው ወደኔ መጡ። "ና" አሉኝ። ወፍጮ ቤት ወስደው ከማሽኑ ሥር አንድ ትልቅ ቡሎን አሳዩኝ። "እኔ ከላይ ሳዞር አንተ ከሥር ያዝ። እንዳይዞርብህ።" የሰጡኝን ቁልፍ በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ ከቤቱ በኩል እልልታ ቀለጠ። እንባዬ መጣ፣ ቁልፉን ልለቅ ስል ከላይ አማቼ ጮኹብኝ።

"ያዝ እንጂ፣ ልጄ! ገና አልጠበቀም።"